ከወደቀ በኋላ ፔዳሉ አልዞር ስላለ ቢሲክሌት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ዕድገት ሰፊ ሐሳብ አቅርበዋል። እኔ የመረጥሁት ነገር ግን ትንሽ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ወደቅ ካለ በኋላ ፔዳሉ አልዞር ስላለ ቢሲክሌት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በእኛ አገር መንገድ ላይ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ መሆኑን ንግግሬ ሲያልቅ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ቢሲክሌት ለአገራችን እንግዳ ዕቃ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ጨዋታ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው በታላቁ የፈረንሳይ ውድድር ገብቶ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኗል። በእንደዚህ ያለ ውድድር አንዱ ቢወድቅ ከኋላው በመኪና የሚከተለው መካኒክ ወዲያው ይደርስለታል። በሐረጎ መንገድ ላይ የወደቀ ተማሪ ግን መካኒኩ ራሱ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኰምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ያልፋል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ መሬታቸው ሜዳ ስለ ሆነ በቢሲክሌት የታወቁ ከተሞች ናቸው። እዚያ ፔዳሉ የማይዞር ቢሲክሌት ቆሞ ይቀራል፤ ባለቤቱም እየገፋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከኰምቦልቻ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ፔዳሉ እንቢ ካለው መቆሙ ግድ ነው። ከሐረጎ ወደ ኰምቦልቻ የሚወርድ ሰው ግን ፔዳሉ ባይዞርለትም ቢሲክሌቱ ይሄድለታል። አደጋውም ያለው በዚህ መሄዱ ላይ ነው። «ቁልቁለት ነው፤ ፔዳል ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የሚነሣ ልጅ፣ ፔዳሉን ያጣመመው አወዳደቅ ፍሬኑንም አበላሽቶት ሊሆን እንደሚችል ልብ አይልም።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የማቀርበው ምክር በሦስት ተራ የሚከፈል ነው፤ በመጀመሪያ ሰውየው፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ በመጨረሻ ፔዳሉ። ይህ ተራ መፋለስ የለበትም።

ስለ ሰውየው። የወደቀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱንም ቢሲክሌቱንም ከመንገዱ ዳር ማውጣት ይገባዋል፤ በዚያ መንገድ ከባድ የጭነት መኪናዎች ይመላለሳሉና። ከዚያ በኋላ ገላውን ይመርምር። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነና ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ወይም ቢያስመልሰው፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው፣ ቢሲክሌቱን ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ብረት ነገም ይጠገናል።

ስለ ፍሬኑ። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው የሚንቀሳቀስ ነገር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ያልፋል፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 10 ሜትር ያልፋል፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት ግን ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ ከወደቃችሁ በኋላ የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ቢሲክሌቱን ወደ ፊት ግፉት፤ የፊቱ ጎማ አልዞርም ማለት አለበት። የኋላውንም እንዲሁ ፈትኑ። እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከገባ፣ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ፣ ወይም ላስቲኩ ቸርኬውን ትቶ ጎማውን የሚነካ ከሆነ፣ ያ ቢሲክሌት በዚያ ቀን የሚገፋ እንጂ የሚጋለብ አይደለም። የፊቱን ጎማ የያዘው ሹካ ከተጣመመም ፍርዱ ይኸው ነው። የተጣመመውን በድንጋይ ቀጥቅጦ ማቃናት ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ይልቁንም አሉሚኒየም ከሆነ።

ስለ ፔዳሉ። ይህን ለመረዳት የቢሲክሌትን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። እግር ፔዳሉን ይገፋል፤ የፔዳሉ ክንድ ባለ ጥርሱን ትልቅ ክብ ያዞራል፤ ትልቁ ክብ ካቴናውን ይስባል፤ ካቴናው በኋላው ጎማ ላይ ያለውን ትንሹን ባለ ጥርስ ያዞራል። ትልቁ 48 ጥርስ፣ ትንሹ 16 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል። በዚህ መሥመር ላይ ካሉት አንዱ ቢታወክ ሁሉም ይታወካል።

«ፔዳሉ አልሠራ አለኝ» የሚል ሰው ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። አንደኛው ፔዳሉ እየዞረ ጎማው የማይዞርበት ነው፤ ይህ ሲሆን ካቴናው ወልቋል ወይም ተበጥሷል፤ ካቴናው በቦታው ካለ ደግሞ ወደ ኋላ ሲዞር ጠቅ ጠቅ የሚለው የትንሹ ባለ ጥርስ የውስጥ ዕቃ መያዝ ትቷል። ሁለተኛው ፔዳሉ ጭራሽ አልነቃነቅ የሚልበት ነው፤ ይህ ሲሆን አንድ ነገር በመንገዱ ላይ ተደንቅሯል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ፔዳሉ ላይ ቆሞ በሙሉ ክብደቱ መርገጥ ነው። በአምስት ደቂቃ ይቃና የነበረው ካቴና በዚህ ይጣመማል፤ ጥርሱም ይሰበራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው።

የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው። የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሣ ጓደኛ ኮርቻውን ይያዝ፤ ጓደኛ ከሌለ ቢሲክሌቱ ይገልበጥ። ከዚያ ፔዳሉን በእጅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሞከር ነው። ካቴናው ወልቆ በትልቁ ክብና በቢሲክሌቱ አካል መካከል ተቀርቅሮ ከተገኘ፣ ወደ ፊት መግፋት ይበልጥ ያጠብቀዋል እንጂ አያወጣውም። የኋላውን ጎማ የያዙትን ሁለት ዳዶዎች በመፍቻ አላልቶ ጎማውን ወደ ፊት ቢያስጠጉት ካቴናው ይረግባል፤ ያን ጊዜ በጨርቅ ይዞ ማውጣት ይቻላል። ማርሽ ያለው ከሆነ ዳዶ መፍታት አያስፈልግም፤ ካቴናውን የሚወጥረውን የማርሽ ክንድ ወደ ፊት መግፋት ይበቃል። ካቴናውን አስቀድሞ በትንሹ፣ ቀጥሎ በትልቁ ባለ ጥርስ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጣት በጥርሱና በካቴናው መካከል እንዳይገባ በጣም መጠንቀቅ ያሻል። ዳዶው ተፈትቶ ከነበረም ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል አድርጎ፣ ካቴናው ከመካከሉ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ከፍና ዝቅ እንዲል ትቶ ማጥበቅ ነው።

ካቴናው በቦታው ሳለ ፔዳሉ አልዞር ካለ ነገሩን ለሁለት መክፈል ይገባል። ካቴናውን ከትልቁ ክብ ላይ አውርዱና ፔዳሉን ብቻውን አዙሩት። እንቢ ካለ ጥፋቱ ከፊት ነው፤ ወይ የፔዳሉ ክንድ ተጣሞ አካሉን ይመታል፣ ወይ ትልቁ ክብ ተጣሟል፣ ወይ የካቴናው መሸፈኛ ቆርቆሮ ገብቶበታል። ፔዳሉ በደኅና ከዞረ የኋላውን ጎማ ብቻውን አዙሩ። ጎማው እንቢ ካለ ጥፋቱ ከኋላ ነው፤ ወይ የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬው ላይ ተጣብቋል፣ ወይ ፓራፋንጎው ጎማውን ይነካል፣ ወይ ጎማው ከቦታው ዘንበል ብሎ የቢሲክሌቱን አካል ይፍቃል። ሁለቱም ብቻ ብቻቸውን በደኅና ከዞሩ ጥፋቱ በካቴናው ነው፤ አንዱ ዘለበት ተጣሟል ወይም ደርቋል ማለት ነው። ቆርቆሮ በእጅ ይቃናል፤ የተጣመመ ክንድና የተጣመመ ዘለበት ግን ወደ ጠጋኙ ይሄዳል። የማርሹ መለወጫ ወደ ጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች የተጠጋ እንደ ሆነም መጋለብ አይገባም፤ ከሽቦዎቹ መካከል ከገባ ጎማውን በድንገት ያቆመዋልና።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፍሬኑ እንደገና ይፈተን። የኋላው ጎማ ከቦታው ከተነቃነቀ የፍሬኑ ላስቲክ ፊት ያዝ የነበረውን ስፍራ ላያገኘው ይችላል። ፔዳሉ ስለ ዞረ ብቻ ደስ ብሎት ቁልቁለቱን የሚጀምር ሰው ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንድ መፍቻ፣ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳና አሮጌ ጨርቅ። ካቴና፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ የሚሉት ስሞች ሁሉ ከኢጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። ስሙን ያልሰማ ቤት የለም፤ የቀረን እጃችን መሣሪያውን እንዲለምድ ነው። ይህንም ስል ለወንዶች ብቻ አይደለም። ዳዶ የሚፈታ እጅ የወንድ ነው የሚል ትምህርት ከማንም መምህር አልሰማንም። እኅቶቻችንም ቢሲክሌት ቢነዱ መጠገኑንም ይወቁት።

አሁን ንግግሬን ወደ ወላጆቻችን እመልሳለሁ። ክቡራን አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፤ ቢሲክሌት ለአንድ ቤተ ሰብ ቀላል ወጪ እንዳልሆነ እናውቃለን። ልጅ ወድቆ ሲመጣ መቈጣታችሁም ስለ ድካማችሁ ነው። ነገር ግን ቁጣን የፈራ ልጅ ጥፋትን ይደብቃል። የተጣመመውን ፔዳል መደበቅ አይችልም፤ ያ በዓይን ይታያል። የላላውን ፍሬን ግን መደበቅ ይችላል፤ ደብቆም በማግስቱ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ስለዚህ ልጃችሁ አቧራ ለብሶ ቢሲክሌቱን እየገፋ ከደጅ ሲደርስ፣ «ቢሲክሌቱን ምን አደረግኸው?» ከማለታችሁ በፊት «አንተስ ደኅና ነህ?» በሉት። ይህን የተጠየቀ ልጅ እውነቱን ይናገራል፤ እውነቱ ከተነገረም ፍሬኑ ይጠበቃል።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በትምህርት ቤታችን አንድ የመሣሪያ ሣጥን ቢቀመጥና በሳምንት አንድ ሰዓት ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ጥገና ቢያስተምሩ፣ በክፍል ውስጥ የተማርነው ፊዚክስ በእጃችን ይገባል። ችግርን ለሁለት ከፍሎ ጥፋቱ ከወዴት እንደ ሆነ መፈለግ ለቢሲክሌት ብቻ የሚጠቅም ጥበብ አይደለም፤ በሒሳብም በሌላም ሥራ ያገለግላል።

እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ግቢ የምንወጣበት ጊዜ ቀርቧል። ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንተውላቸው ብዙ ሀብት የለንም፤ ይህን ተራ ግን እንተውላቸዋለን፤ በመጀመሪያ ሰውየው፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ በመጨረሻ ፔዳሉ።