በፈቃድ ላይ የቆመ መንገድ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር



መንገድ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው በመንግሥት ባጀት የተሠራ፣ በመሐንዲስ የተቀየሰ፣ ወሰኑም በሕግ የተከበረ አውራ ጎዳና ነው። የመንገድ ሙያም በአብዛኛው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ባጀት ያልተመደበላቸው፣ መሐንዲስ ያልተቀጠረላቸው፣ የተዘረጉበትም መሬት የሠሪዎቹ ያልሆነ ብዙ መንገዶች አሉ። እነዚህ በሰዎች ስምምነት ተሠርተው በሰዎች ስምምነት የሚኖሩ ናቸው። ስምምነቱ የፈረሰ ዕለት አፈሩም ድንጋዩም በቦታው እንዳለ መንገዱ ይዘጋል። የዚህ ንግግር ርእስ ከእነዚህ አንዱ፣ ይኸውም በሰሜን አሜሪካ በቬርሞንት ግዛት የሚገኘው «ኪንግደም ትሬይልስ» የተባለው የእግረኞችና የተራራ ብስክሌት መንገዶች መረብ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቬርሞንት ተራራማና ትንሽ ግዛት ናት፤ በ2020 የሕዝቧ ቁጥር ወደ 643,000 ገደማ ነበር። የአገሩ ሰው በማኅበር ተሰባስቦ መንገድ መሥራት የጀመረው ግን በቅርቡ አይደለም። በ1910 ጄምስ ቴይለር የተባለ መምህር ባመጣው ሐሳብ «ግሪን ማውንቴን ክለብ» ተመሠረተ። የማኅበሩም አባላት ከማሳቹሴትስ ወሰን አንሥተው እስከ ካናዳ ድንበር ድረስ በተራሮቹ ጫፍ ላይ የሚሄደውን፣ 438 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን «ሎንግ ትሬይል» ቀየሱ፤ ሥራውም በ1930 ተፈጸመ። ይህ በአሜሪካ ረዥም ርቀት ካላቸው የእግረኛ መንገዶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ቤንተን ማካይም ከዚህ የሰፋውን የአፓላሺያን መንገድ ሐሳብ በ1921 ለሕዝብ ያቀረበው በአንድ የሙያ ማኅበር መጽሔት፣ ማለትም በአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት መጽሔት ላይ ነበር። የሙያ ማኅበራት መጽሔቶች ከመደርደሪያ ያለፈ ጥቅም የላቸውም ለሚሉ ሁሉ ይህ በቂ መልስ ነው። በ14 ግዛቶች የሚያልፈውና 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ያ መንገድ በ1937 ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ፤ በደቡብ ቬርሞንትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከሎንግ ትሬይል ጋር አንድ ሆኖ ይጓዛል።

የተራራ ብስክሌት ታሪክ ከዚህ ይልቅ አጭር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የሚኖሩ ወጣቶች ጎማቸው የሰፋ አሮጌ ብስክሌቶችን እየጠገኑ በአቀበትና በቁልቁለት ይነዱ ጀመር። በ1976 «ሪፓክ» በተባለው ቁልቁለት ላይ ውድድር አደረጉ። ስሙም የወጣው፣ በቁልቁለቱ ብዛት የፍሬኑ ግራሶ ግሎ ስለሚተን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እንደገና መሞላት ስላስፈለገው ነው። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ተግባር ብሎ የተለየ የብስክሌት አካል ሠራ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም ፋብሪካዎች በብዛት እያወጡ ይሸጡት ጀመር። ብስክሌቱ ሲበዛ ግን መንገዱ አልበዛም። ብዙዎቹ የእግረኛ መንገዶች ለብስክሌት የተከለከሉ ስለነበሩ በእግረኛው፣ በፈረሰኛውና በብስክሌተኛው መካከል ጠብ ተነሣ። ስለሆነም በ1988 የካሊፎርኒያ ክለቦች ተባብረው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር አቋቋሙ፤ ዋና ጉዳዩም የመንገድ መብትና የመንገድ አሠራር ሆነ።

ኪንግደም ትሬይልስ የተወለደው በዚህ ዘመን ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቬርሞንት የሚገኙት ሦስት አውራጃዎች በአንድነት «የሰሜን ምሥራቅ መንግሥት» እየተባሉ ይጠራሉ፤ የመረቡም ስም ከዚያ የተወሰደ ነው። በዚያ ክፍል ኢስት በርክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በክረምት በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚመጣው እንግዳ በረዶው ሲቀልጥ ይሄድና የመንደሩ ገበያ ይቀዘቅዛል። የአካባቢው ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ይህን ተመልክተው በ1994 ትርፍ የማያካፍል ማኅበር አቋቋሙ። የተረሱ የእንጨት መጎተቻ መንገዶችንና የእርሻ ዳር መሄጃዎችን እያገናኙ፣ በዶማና በመጋዝ አዲስ እየከፈቱ፣ ዓመት በዓመት ጨመሩበት። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደቦ ብሎ ከሚያውቀው ሥራ ብዙም የራቀ አልነበረም። ዛሬ መረቡ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የሚያልፈውም በመቶ ገደማ የግል ባለይዞታዎች መሬት ላይ ነው።

ከዚህ ላይ የአሠራሩን ጥበብ ማንሣት ይገባል። የተራራ መንገድ የመጀመሪያ ጠላት ውሃ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የከብት መሄጃ በጥቂት ዓመታት ወደ ቦረቦር ሲለወጥ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። መንገዱ ቁልቁለቱን ተከትሎ በቀጥታ ከወረደ ውሃው መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል፤ አፈሩንም ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ መንገድ ሠሪዎች የሚጠብቋቸው ጥቂት ደንቦች አሉ። አንደኛው፣ የመንገዱ ተዳፋት ከተራራው ጎን ተዳፋት እኩሌታ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ የተራራው ጎን ተዳፋት 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ ማለፍ አይገባውም። ካለፈ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መውረዱን ትቶ በመንገዱ ላይ ይጓዛል። ሁለተኛው፣ ተራራው የቱንም ያህል ቀጥ ያለ ቢሆን የመንገዱ ተዳፋት በአማካይ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ሦስተኛው፣ የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁለቱ በኩል 5 በመቶ ያህል እንዲያዘነብል ይደረጋል። አራተኛው፣ መንገዱ በየ6 እስከ 15 ሜትሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ እንዲል ይሠራል፤ የተሰበሰበው ውሃም በዝቅታው ይወጣል። እነዚህ ደንቦች በተጠበቁበት ቦታ የሰው እግርም የብስክሌት ጎማም የሚያደርሰው ጉዳት ሊቻል የሚችል ነው።

ብስክሌት ከእግር ይልቅ መሬት ያበላሻል የሚለው ክስ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። በ1994 ዊልሰንና ሴኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በሞንታና ግዛት መንገዶች ላይ ፈረስን፣ እግረኛን፣ ሞተር ብስክሌትንና ብስክሌትን አወዳድረው ያቀረቡት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። አስቀድሞ በረጠበ መንገድ ላይ ለመሸርሸር የተዘጋጀ ብዙ አፈር የፈጠሩት ኮቴና እግር እንጂ ጎማዎች አልነበሩም። ይህ ማለት ብስክሌት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ እርጥበት ያለበት አፈር በማንም ቢረገጥ ይጎዳል። በዚህም የተነሣ በቬርሞንት በረዶው በሚቀልጥበት የጭቃ ወራት የእግረኛውም የብስክሌተኛውም ማኅበር ሰው ከመንገዱ እንዲታቀብ ይጠይቃሉ።

ይህ ሁሉ በአካፋና በዶማ የሚፈታ ነው። በአካፋ የማይፈታው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በመረቡ ውስጥ ያሉት ባለይዞታዎች መሬታቸውን አልሸጡም፤ አላከራዩምም። ጎብኚው ለማኅበሩ የአባልነት ወይም የዕለት ክፍያ ይከፍላል፤ ባለመሬቱ ግን ምንም አይቀበልም። የቬርሞንት ሕግም መሬቱን ያለ ክፍያ ለሕዝብ መዝናኛ የከፈተን ሰው፣ እንግዳ ቢወድቅና ቢጎዳ ከተጠያቂነት በእጅጉ ይከላከልለታል። ሕጉ ባለመሬቱን ከክስ ያድነዋል እንጂ በሩን እንዲከፍት አያስገድደውም። ለጋስ ስለሆነ ከፈተ፤ በፈለገም ጊዜ ሊዘጋ ይችላል።

ይህ ቀን በታኅሣሥ 2019 መጣ። በዳርሊንግ ኮረብታ ላይ፣ በመረቡ እምብርት የሚገኙ ሦስት ባለይዞታዎች ከዚያ ወዲያ ብስክሌት በመሬታቸው እንዳያልፍ ወሰኑ። መሬቶቹ የተያያዙ ስለነበሩ መረቡ ከመካከሉ ተቆረጠ፤ ከስመ ጥሩዎቹ መስመሮችም አንዳንዶቹ ለብስክሌት ተዘጉ። ነገሩ በአንድ ሌሊት የተፈጠረ አልነበረም። የመንደሩ ነዋሪ ከ2,000 ሳይበልጥ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ጎብኚ ይመጣ ነበር። ጠባቦቹ የገጠር መንገዶች በመኪናና በብስክሌት ተጨናንቀው ነበር፤ የአንዳንድ ብስክሌተኞች ሥነ ምግባርም ቅሬታ አስነሥቶ ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለቱንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። መንደሩ ከብስክሌተኛው እንጀራ ይበላል፤ ሱቁ፣ ማደሪያው፣ የምግብ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ መረቡ ሲቆረጥ ይደነግጣል። ባለመሬቱ ደግሞ ዋጋ ሳይጠይቅ ለሃያ አምስት ዓመት በሩን ከፍቶ የቆየ ሰው ነው። በገዛ ሜዳው ፈረሱን ይዞ ሲወጣ «ከመንገድ ዞር በል» የሚለው እንግዳ ቢገጥመው፣ ቸርነቱ እንደ ግዴታ ተቆጠረበት ማለት ነው። ስጦታ እንደ መብት የተቆጠረ ዕለት ስጦታነቱ ያበቃል። ማኅበሩ ይህን ተረድቶ፣ ለተቆረጡት መስመሮች ተለዋጭ ከመፈለግ ጋር፣ መረቡ ምን ያህል ሰው መሸከም እንደሚችል አስጠና።

አንዳንድ ሰው መፍትሔው መሬቱን መግዛት ነው ይል ይሆናል። ግሪን ማውንቴን ክለብ ይህን ሞክሯል። በሰሜኑ በኩል የሎንግ ትሬይል ክፍሎች ያሉባቸው የግል መሬቶች ለሽያጭ መቅረባቸውን ባየ ጊዜ፣ በ1986 የጥበቃ ዘመቻ ጀመረ። መሬት በመግዛትና ለዘለዓለም የሚጸና የመተላለፊያ መብት በማግኘት ብዙውን ክፍል አዳነ። ሆኖም ለአንድ ቀጭን መስመር የሚቻለው ለመረብ ሁሉ አይቻልም። መረብ በጓሮ፣ በግጦሽና በሸንኮር ዛፍ መካከል የሚያልፍ ስለሆነ፣ መቶውን ይዞታ ሁሉ መግዛት አካባቢውን ራሱን እንደ መግዛት ይሆናል። ስለዚህ የገንዘቡ መንገድ ለአንገብጋቢው ቦታ ይጠቅማል፤ ለቀረው ግን ከጉርብትና ሌላ ዋስትና አይገኝም።

በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ወዲህ መሬት የግል ሀብት ስላልሆነ ጉዳዩ የሌላ አገር ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የባለቤትነት መብት ለማንም ይሁን፣ መንገድ በማሳው ጠርዝ የሚያልፍበት ገበሬ ሁልጊዜ አለ። ቀያሹ ካርታውን አጥፎ ይሄዳል፤ ገበሬው ግን ከመንገዱ ጋር ይኖራል። አጥሩ ቢፈርስ፣ ከብቱ ቢደነብር፣ ውሃው ወደ ማሳው ቢዞር ዕዳው የእርሱ ነው።

ከኢስት በርክ የሚገኘው ትምህርት ለሙያው ግልጽ ነው። የመንገድ ዕድሜ የሚለካው በወለሉ ጽናት ብቻ አይደለም። የተዳፋቱን ስሌት አሳምሮ የጎረቤቱን ስሜት የዘነጋ ባለሙያ ሥራውን በግማሽ ትቶታል። ውሃ የሚወጣበትን ዝቅታ በየጥቂት ሜትሩ እንደሚያበጅ ሁሉ፣ ቅሬታ የሚወጣበትንም በር በየጊዜው ማበጀት አለበት። ቅሬታ እንደ ውሃ ነው፤ መውጫ ሲያጣ ተጠራቅሞ መንገዱን ራሱን ይወስዳል። መንገድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ፈቃዱ ግን በየዓመቱ እንደገና መጠየቅ አለበት።