የከዘራ እጀታ በእንፋሎት መቆልመም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እዚህ መርካቶ የከዘራ እንጨት ገዝተን፣ ልጠን፣ ቀብተን እንሸጣለን። እጀታውን ግን ለሌላ ሰው ከፍለን ነው የምናስቆለምመው። አሁን ከቁጠባችን ወጥቶ የራሳችን የእንፋሎት ሣጥን ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከመወሰናችን በፊት ሥራውንና ወጪውን ልናስረዳ ወደድን።

እንጨት በእሳት ብቻ ሲቆለመም ውስጡ ሳይለሰልስ ላዩ ሊያርር ይችላል። በእንፋሎት ሲሆን ሙቀቱና እርጥበቱ አብረው ይገባሉ፤ የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የያዘው ነገር ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ደግሞ በተሰጠው ቅርጽ ይጸናል። ሚካኤል ቶኔት የተባለው አናጢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ለገበያ ያወጣው ታዋቂ ወንበር በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው። ለእኛም እንፋሎት እንግዳ አይደለም፤ ኅብስት የምትጋግር ሁሉ ታውቀዋለች።

የሚያስፈልገው ውሃ ማፍያ፣ ሙቀት የሚችል ቱቦና ከወፍራም ጣውላ የተገጠመ ረጅም ሣጥን ነው። ማፍያውን ምናለሽ ተራ ከበርሜል ማሠራት ይቻላል። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት በርሜል ግን አይገዛ፤ ሲሞቅ መርዝ ይተናል። ሣጥኑ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ የውሃ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ይኑረው። በሩም ጥብቅ ተደርጎ አይታሸግ፤ የታፈነ እንፋሎት ይፈነዳል። የምትከፍተው ሴት ጓንት አድርጋ ከበሩ ጎን ትቁም።

ጊዜው ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ጨመር ማድረግ ይሻላል። እንጨቱ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው ይሁን። ከሣጥኑ እንደወጣ ሳይቀዘቅዝ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ቅርጽ ማውጫው ላይ ይጠምዘዝ። የሚሰነጠቀው የውጭው ጎን ስለሆነ እዚያ ላይ ስስ የብረት ጥብጣብ ይደረግለት፤ እስኪደርቅም እንደታሰረ ይቆይ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የሣጥኑ ወጪ አንድ ጊዜ ነው። ከሰሉና የሚሰበረው እንጨት ግን የየዕለት ወጪ ነው። አሥር እንጨት አስገብተን ሦስቱ ቢሰበር፣ የአሥሩ ዋጋና የከሰሉ ወጪ በሰባቱ ላይ ያርፋል። ለአንድ እንጨትም ለአሥርም የሚነደው ከሰል ብዙ ስለማይለያይ ሣጥኑ ሳይሞላ አይለኮስ።

የተሰበረው ሁሉ በመዝገብ ይግባ፤ የሰበረችው እኅት ግን አትቀጣ። ቅጣት ካለ ስብራቱ ይደበቃል፣ የመሸጫ ዋጋችንም ውሸት ይሆናል።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ አንድ ሣጥን ብቻ ይሠራ፤ ለአንድ ወር እንሞክረው፤ የአንዱን ከዘራ ወጪ ዛሬ ለቆልማሚ ከምንከፍለው ጋር እናስተያይ። ካዋጣን እንቀጥላለን፤ ካላዋጣን የቀረው ቁጠባ እንደተጠበቀ እናቆማለን። ገንዘቡ የሁላችን ነውና ውሳኔውም የሁላችን ይሁን።