መብራቱና ዘይቱ

ለደጋፊዎቻችን ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ስለ መብራት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ወርቅ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ፣ በእናንተ ስጦታ ለጤና ኬላው የፀሐይ መብራት ተክለን ነበር። በበራ ጊዜ ሕዝቡ እልል አለ፤ እኛም ፎቶግራፍ አንሥተን ላክንላችሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ስንመለስ ግን የጤና ሠራተኛዋ በኩራዝ ስታዋልድ አገኘናት። ሰሌዳው በጣሪያው ላይ ደኅና ነበረ፤ ያለቀው ባትሪው ነበር። ባትሪ በጥቂት ዓመታት እንደሚደክም እያወቅን፣ መተኪያው ከየት እንደሚመጣ ከሕዝቡ ጋር አልተመካከርንም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

«ታዲያ ጄኔሬተር ለምን አልገዛችሁም?» ትሉን ይሆናል። ጄኔሬተር ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ወፍጮም ያዞራል። ነገር ግን ዕለት ዕለት ናፍጣ ይበላል። በክረምት መንገዱ ሲጨቀይ ናፍጣው በጀሪካን ሆኖ በአህያ ይመጣል። እናት በምጥ የተያዘችበት ሌሊት፣ ናፍጣው ያለቀበት ሌሊት ሊሆን ይችላል።

ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትስ ወንዞች? ውኃውን በቦይ ጠልፎ ትንሽ ተርባይን ቢያዞሩበት ቀንና ሌሊት ያለ ነዳጅ ኃይል ይሰጣል። ሆኖም በበጋ ጅረቱ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜም ገበሬው ለመስኖ ይፈልገዋል። በክረምት ደግሞ ጎርፍ ቦዩን በደለል ይሞላዋል። ፀሐይ በተቃራኒው በበጋ ትበረታለች፤ በሐምሌ ደመና ትደክማለች።

የአገሪቱ መስመር ከደረሰ ለወፍጮና ለምጣድ የሚተካከለው የለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋልና ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አይችለውም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ከግድቡ እስከ ጎጆው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ደግሞም አገራችን አብዛኛውን ኃይል የምታገኘው ከውኃ ስለሆነ፣ በ2001 ዓ.ም. ግድቦች በጎደሉ ጊዜ መብራት በፈረቃ እንደነበረ እናስታውሳለን።

እንግዲህ ሁሉን የሚፈጽም አንድ መንገድ የለም። ስለዚህ እንዲህ ወስነናል። ለክትባት፣ የቀኑን ፀሐይ በበረዶ አድርጎ የሚያቆይ፣ ባትሪ የማያስፈልገው ማቀዝቀዣ እናቆማለን። ለመብራት ሰሌዳና ባትሪ እንተክላለን፤ ነገር ግን አስቀድሞ የቀበሌው ሰዎች እንደ ዕድር በየወሩ ለመተኪያው ማዋጣት ሲጀምሩ፣ ከመካከላቸውም አንድ ወጣት ጥገና ሲማር ነው። ወፍጮው መስመሩ እስኪደርስ በናፍጣ ይቆይ።

ጌታችን ስለ አሥሩ ቆነጃጅት ያስተማረውን ታውቃላችሁ። አምስቱ ሰነፎች መብራት አላጡም፤ ያጡት ዘይት ነው። እኛም መብራቱን ሰጥተን ዘይቱን ረስተን ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የምንለምናችሁ ለአዲስ ሰሌዳ ሳይሆን፣ ለጥገና ሥልጠናና ሕዝቡ ለጀመረው የባትሪ ቁጠባ ድጋፍ እንዲሆን ነው። ለዚህ ስጦታ የምንልክላችሁ ያማረ ፎቶግራፍ አይኖርም። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ በእኩለ ሌሊት ሕፃን ሲወለድ፣ መብራቱ እንደ በራ ይሆናል።