በሁለት ወንዞች መካከል ስላለችው ስለ አሜሪካዋ ካይሮ
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢዮቤልዩ በሕገ ኦሪት ለእስራኤል የተሰጠ የ50ኛው ዓመት በዓል ነው። በዚያ ዓመት መለከት ይነፋል፤ የተሸጠ ባሪያ ነጻ ይወጣል፤ ርስቱን የለቀቀ ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል። ስለዚህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ማኅበር ያለፈውን ዓመት በመቍጠር ብቻ አይወሰንም። ማኅበርን አጽንቶ የሚያቆመው ምንድር ነው? የሚያፈርሰውስ ምንድር ነው? ብሎ መመርመር ይገባዋል። ለዚህ ምርመራ ምሳሌ የምትሆን አንዲት ትንሽ ከተማ በአሜሪካ አገር አለች፤ ስሟም ካይሮ ይባላል። ታሪኳ በሚነገርበት ጊዜ የሚጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ካይሮ ሲባል የሰሚው ልብ ወደ ግብጽ ይሄዳል። እውነትም ስሙ የተወሰደው በዓባይ ዳር ካለችው፥ የቀድሞ አባቶች ምስር ከሚሏት፥ ጳጳስ ለማምጣት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ይሄዱባት ከነበረችው ከተማ ነው። አሜሪካኖች ታላቁን የሚሲሲፒን ወንዝ በዓባይ መስለው፥ በኢሊኖይ ግዛት ደቡብ ያለውን አገር ትንሽ ግብጽ ብለውታል። በአቅራቢያዋም ቴብስና ካርናክ የሚባሉ ሌሎች መንደሮች አሉ። የአገሩ ሰዎች ግን ስሟን በራሳቸው አነጋገር ኬሮ ብለው ይጠሩታል።

ከተማዪቱ የተሠራችው በኢሊኖይ ግዛት የመጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። በምሥራቋ የኦሃዮ ወንዝ፥ በምዕራቧ የሚሲሲፒ ወንዝ ይወርዳል፤ ከእርሷ በታችም ሁለቱ ይገናኛሉ። ኦሃዮ ከፒትስበርግ ከተማ ተነሥቶ 1,579 ኪሎ ሜትር ተጕዞ እዚያ ይደርሳል። በመገናኛውም ስሙን ለሚሲሲፒ ይለቃል እንጂ የውሃው ብዛት ከሚሲሲፒ ይበልጣል። የኦሃዮ ውሃ ጠራ ያለ፥ የሚሲሲፒ ውሃ ጭቃ የለበሰ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ወዲያው ሳይዋሐዱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያሉ። በኦሃዮ ማዶ የኬንታኪ፥ በሚሲሲፒ ማዶ የሚዙሪ ግዛት ነው። ምድሯ ከኢሊኖይ ሁሉ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከተማዪቱ በአፈር ግድብና በግንብ ታጥራለች። ከሰሜን በሚገባው መንገድ ላይም ወንዙ ሲሞላ የሚወርድ ታላቅ የብረት መዝጊያ አለ። መዝጊያው በወረደ ጊዜ ከተማዪቱ እንደ ኖኅ መርከብ ተዘግታ ትቀራለች።

የቦታው ጥቅም ቀድሞ የታወቀ ነው። በ1803 ዓ.ም. የምዕራቡን አገር ሊመረምሩ የተላኩት ሉዊስና ክላርክ በዚህ መገናኛ ሰፍረው ነበር። በ1818 ዓ.ም. ነጋዴዎች ከተማና ባንክ ለማቋቋም ፈቃድ ተቀበሉ፤ ነገር ግን ዋናው ጀማሪ ስለ ሞተ ሐሳቡ ከሰመ። በ1837 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተነሥቶ ከእንግሊዝ አገር ብዙ ገንዘብ ተበድሮ ግድብና ቤት ሠራ፤ እርሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰረ። በ1842 ዓ.ም. ቻርልስ ዲክንስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በመርከብ ሲያልፍ አይቷት፥ የበሽታና የሞት ረግረግ አድርጎ ነቀፋት። በኋላ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ገዢዎች የተታለሉባትን ኤደን የተባለች ከተማ ከዚህችው አምሳል እንደ ቀረጻት ይነገራል። የምድር ባቡር በ1850ዎቹ ከደረሰ በኋላ ግን ሕዝብ ይሰበሰብባት ጀመር፤ በ1858 ዓ.ም.ም የከተማነት መብት ተሰጣት። በዚያው ዓመት ግድቧ ተጥሶ ውሃ አጥለቀለቃት። ሕዝቧም ከዚያ ወዲህ ግድቡን ከፍ ማድረግ ዋና ሥራው ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ስሟን ያስጠራው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ኢሊኖይ ባርነት የተከለከለበት ግዛት ነበር፤ በወንዞቹ ማዶ ያሉት ኬንታኪና ሚዙሪ ግን ባሪያ የሚሸጥባቸውና የሚገዛባቸው ነበሩ። ስለዚህ ከተማዪቱ በነጻነትና በባርነት ድንበር ላይ የተተከለች ችካል ነበረች። በ1861 ዓ.ም. ጄኔራል ግራንት ሠፈሩን በዚያ አድርጎ፥ በየካቲት ወር 1862 ዓ.ም. ፎርት ሄንሪንና ፎርት ዶኔልሰን የተባሉትን ምሽጎች የያዘው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በዚያው ጊዜ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ጥቁሮች ወንዙን ተከትለው በሺሕ እየሆኑ መጡባት። መንግሥትም ሠፈር አዘጋጀላቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ማርክ ትዌይን የጻፈው የሐክልቤሪ ፊን ታሪክ ውስጥ ጂም የተባለው ባሪያ ነጻ ለመውጣት ተስፋ ያደረገው ካይሮ ለመድረስ ነው፤ ነገር ግን በሌሊትና በጉም ከተማዪቱን ሳያያት አለፋት። ሰው ሁሉ የነጻነት በር ያላት ካይሮ ይህችው ነበረች። ለመጡትም የኢዮቤልዩ መለከት የተነፋ መሰላቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ከተማዪቱ በለጸገች። በ1869 ዓ.ም. የተሠራው የዱቄት ነጋዴ ቤት፥ በ1872 ዓ.ም. የተሠራው የጉምሩክ ቤት፥ በ1884 ዓ.ም. የተከፈተው የመጻሕፍት ቤት እስከ ዛሬ ቆመው የዚያን ዘመን ሀብት ይመሰክራሉ። ነገር ግን የሀብቷ መቀነስ ምክንያት በዚያው ዘመን ተጀመረ። ቀድሞ የባቡሩ ፉርጎ ሁሉ ወንዙን የሚሻገረው በጀልባ ስለ ነበር፥ መንገደኛውና ዕቃው በከተማዪቱ ያርፍ ነበር። በ1889 ዓ.ም. በኦሃዮ ላይ የባቡር ድልድይ ሲሠራ ሕዝቡ ደስ አለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ባቡሩ ሳያርፍ ያልፍ ጀመር። ይህም ሆኖ ሳለ በ1920 ዓ.ም. የነዋሪው ቍጥር 15,203 ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን አልወጣም።

እስከዚህ የተነገረው የወንዝና የንግድ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ የሚነገረው የሰው ታሪክ ነው።

በ1909 ዓ.ም. ኖቨምበር 11 ቀን ዊልያም ጄምስ የተባለ ጥቁር ሰው፥ አንዲት ነጭ ሴት ገድለሃል ተብሎ ሳለ፥ ዳኛ ሳይፈርድበት በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከጸጥታው ሹም እጅ ነጠቀው። በከተማዪቱ መካከል፥ በኤሌክትሪክ መብራት ባጌጠ ቅስት ሥር ሰቀሉት፤ ገመዱ ቢበጠስ በጥይት ደበደቡት። በዚያው ሌሊት ያው ሕዝብ ሚስቱን ገድሏል የተባለ አንድ ነጭ እስረኛ ከወህኒ አውጥቶ ሰቀለ። በዚህ ይታወቃል፤ ሕግ ለጐረቤት ሲጠፋ ለባለቤቱም አይተርፍም። የኢሊኖይ ሕግ እስረኛውን ያስነጠቀ የጸጥታ ሹም ከሹመቱ ይሻር ይል ነበር። ሹሙ ልመለስ ብሎ ሲከራከር፥ በባርነት የተወለደችው ጋዜጠኛ አይዳ ዌልስ ወደ ካይሮ ወርዳ ነገሩን መርምራ በአገረ ገዥው ፊት ቆማ ተከራከረችው። አገረ ገዥው ዴኒንም ሹመቱን አልመልስም አለ።

በ1937 ዓ.ም. ታላቅ ጎርፍ ሆነ። ኦሃዮ 59.5 ጫማ ደረሰ፤ ግንቡ 60 ጫማ ብቻ ነበር። ሰዎቹ በግንቡ ላይ እንጨትና የአሸዋ ከረጢት ጨመሩበት፤ መንግሥትም በሚዙሪ በኩል ያለውን ግድብ በድማሚት አፍርሶ ውሃውን ወደ እርሻው ለቀቀው። ከተማዪቱም ዳነች። በወንዙ ላይ ድል ያደረገች ይህች ከተማ ግን በገዛ ልጆቿ መካከል የቆመውን ግንብ አላፈረሰችም። ጥቁሩ በሚኖርበት፥ በሚማርበት፥ በሚሠራበት ሁሉ ከነጩ ተለይቶ ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ወጣቶች ጥቁሮች በማይገቡበት የመዋኛ ገንዳ አጠገብ ተንበርክከው ጸለዩ። ከእነርሱ አንዱ በኋላ ለብዙ ዘመን የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረው ጆን ሉዊስ ነው። ገንዳው ግን ለሁሉ ከመሆን ይልቅ ተዘጋ፤ በኋላም በሲሚንቶ ተሞላ። በሁለት ታላላቅ ወንዞች መካከል ያለች ከተማ፥ ልጆቿ በአንድነት እንዳይዋኙ ብላ የገዛ ውሃዋን ቀበረች።

በ1967 ዓ.ም. የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር በከተማዪቱ የፖሊስ ጣቢያ ተሰቅሎ ተገኘ። ፖሊሶቹ ራሱን ገደለ አሉ፤ ጥቁሮቹ አላመኑም፤ ሁከትና ቃጠሎ ተነሣ፤ የግዛቱ ጦርም ገባ። ቀጥሎም ነጮች የጦር መሣሪያ ይዘው ነጭ ባርኔጣ የሚባል ማኅበር አቆሙ። ጥቁሮቹም በ1969 ዓ.ም. በቄስ ቻርልስ ኮይን መሪነት የተባበረው ግንባር የሚባል ማኅበር አቁመው፥ ጥቁር ሠራተኛ ከማይቀጥሩ ነጋዴዎች ላለመግዛት አደሙ። የቅዱስ ኮሎምባ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሰብሰቢያቸው ሆነ። ፒራሚድ በሚባለው የድኾች ሠፈር ላይ ብዙ ሌሊት ጥይት ተተኮሰ። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ አንድ ጥቁር ሠራተኛ ከመቅጠር ሱቃቸውን መዝጋት መረጡ። በ1972 ዓ.ም. የመንግሥት የዜጎች መብት ኮሚሲዮን በዚያው ከተማ ተቀምጦ የምስክሮችን ቃል ሰማ፤ በ1980 ዓ.ም.ም በፍርድ ቤት ስምምነት የምርጫው ሥርዓት ተለውጦ ጥቁሮች ወደ ከተማው ምክር ቤት የሚገቡበት መንገድ ተከፈተ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚከፈለው ብዙው ሱቅ ተዘግቶ፥ የሚሰበሰበው ብዙው ሰው ሄዶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በ1978 ዓ.ም. አዲሱ የአውራ ጎዳና ድልድይ መንገደኛውን ከከተማዪቱ ውጭ አሳለፈው። በ1986 ዓ.ም. ሆስፒታሏ ተዘጋ። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ሁለት የድኾች ሠፈሮች ለመኖሪያ አይበቁም ብሎ 400 የሚያህሉ ሰዎች እንዲለቁ አዘዘ። በ2020 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የቀሩት ነዋሪዎች 1,733 ናቸው።

በዚህ መካከል በ2011 ዓ.ም. ሜይ 2 ቀን ወንዙ 61.72 ጫማ ደረሰ፤ ይህም ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነው። የሚዙሪ ግዛት እርሻችን አይጥፋ ብሎ ቢከራከርም አልተሳካለትም፤ በማዶ ያለው ግድብ ዳግመኛ በድማሚት ፈረሰ፤ ካይሮም ዳነች። ነገር ግን ውሃው በተለቀቀበት ምድር ላይ ፒንሁክ የምትባል የጥቁር ገበሬዎች ትንሽ መንደር ነበረች። እነዚያ ገበሬዎች በሌላ ስፍራ መሬት የሚሸጥላቸው ስላጡ ያንን ዝቅ ያለ ምድር ገዝተው አቅንተውት ነበር። መንደራቸው ጠፋች። የአንዱ መዳን የሌላው ጥፋት በሆነ ጊዜ፥ የዳነው ሰው ያንን ሊረሳ አይገባውም።

እንግዲህ ፍርዱ በሚዛን ይሁን። ካይሮን ያደከማት ጠብ ብቻ አይደለም። ድልድዩ፥ ባቡሩ፥ አውራ ጎዳናው ንግዷን ወስደውባታል፤ ይህን ብቻ ቢሆን ማንም ሊከለክለው ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ድኽነት የመጣበት ሕዝብ ቢተባበር በጥቂቱም ይኖራል፤ የተለያየ ሕዝብ ግን የቀረችውን ጥቂት በገዛ እጁ ይዘጋታል። የካይሮ ሰዎች የሚፈሩት ጠላት በውጭ ያለው ውሃ ነበር፤ ለዚያም ገንዘብ፥ ብልሃት፥ ትጋት አልጐደላቸውም። በውስጥ ላለው ግን ዘበኛ አላቆሙም። ግንቡ ሰም ነው፤ ወርቁ የሕዝቡ ልብ ነበር። ሰሙ ጸና፤ ወርቁ ጠፋ።

በዚህ አገር ቋንቋ፥ ባንድ ስፍራ ያደጉ ሰዎች የወንዝ ልጆች ይባላሉ። የካይሮ ነጮችና ጥቁሮች የአንድ ወንዝ ብቻ ሳይሆን የሁለት ወንዞች ልጆች ነበሩ፤ ነገር ግን አልተዋወቁም። የወንዝ ልጅነት መልካም ቃል ነው፤ መፈላለጊያና መረዳጃ ሲሆን ይባረካል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገብቶ፥ እገሌ የማን ወንዝ ልጅ ነው ተብሎ ሰበካ ሲመረጥበት፥ ዕድር ሲከፈልበት፥ ሰላምታ ሲታገድበት፥ ያው የካይሮ ግንብ ነው። ባንድ ጽዋ የሚቈርቡ ሰዎች ሁሉ የአንድ ወንዝ ልጆች ናቸው፤ ያ ወንዝም ዮርዳኖስ ነው። ደብር የሚፈርሰው ጣራው ሲያፈስ አይደለም፤ ጣራ ይጠገናል። በቅዳሴ ጎን ለጎን ቆመው ከቅዳሴ በኋላ የማይተያዩ ሰዎች ሲበዙ ነው።

ካይሮ ሞታለች አይባልም። ሰዎች ይኖሩባታል። የጉምሩኩ ቤት ሙዚየም ሆኖ ቆሟል፤ ወንዙም ሲሞላ መዝጊያው አሁንም ይወርዳል። በ2011 ዓ.ም. ለቃችሁ ሂዱ ተብለው የወጡት ብዙዎቹ፥ ውሃው ሲጐድል ሥራ እንደሌለ እያወቁ ተመለሱ፤ ቤታቸው ናትና። ርስቱን የለቀቀ ወደ ርስቱ ይመለስ የሚለው የኢዮቤልዩ ሕግ በእነርሱ ላይ ይታያል።

ለዚህም ደብር የሚሻለው የበዓል ስጦታ ይኸው ነው፤ ተቀይሞ የቀረ ሰው ቢኖር በዚህ ዓመት ይፈለግ፤ በሩም ተከፍቶ ይቈየው። እግዚአብሔር የሕዝቡን አንድነት ያጽና፤ ደብሩንም ለሚመጣው ኢዮቤልዩ ያድርስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።