ተረከዛችን ስለ አጥንታችን ምን ይነግረናል?

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አጥንት መሳሳትና በአልትራሳውንድ ስለሚደረግ የአጥንት ምርመራ እንነጋገራለን።

የአጥንት መሳሳት ሕመም ሳያሰማ የሚመጣ ችግር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀላል አወዳደቅ ከተሰበረ በኋላ ነው። የዳሌ ስብራት ደግሞ አረጋውያንን አልጋ ላይ ያስቀራል፤ ለሞትም ሊዳርግ ይችላል።

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት የነፍሰ ጡር ምርመራን ነው። አጥንትን የሚመረምረው ግን ሌላ መሣሪያ ሲሆን የሚለካውም ተረከዝን ነው። እንስራ የሚገዛ ሰው በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ይህም መሣሪያ ጆሮ የማይሰማውን የድምፅ ሞገድ በተረከዝ አጥንት ውስጥ ያሳልፋል። ሞገዱ በጠንካራ አጥንት ውስጥ ፈጥኖ ያልፋል፤ በሳሳ አጥንት ውስጥ ግን ይዘገያል። ምርመራው አያምም፣ ጨረር የለውም፣ በጥቂት ደቂቃም ያልቃል።

ውጤቱ ምን ማለት ነው? ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶችና ወንዶች ላይ ዝቅተኛ ውጤት የስብራት አደጋ ከፍ ማለቱን ያመለክታል። ነገር ግን መሣሪያው ብቻውን በሽታው አለ ወይም የለም ብሎ አይወስንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው መለኪያ ዴክሳ ለሚባለው፣ ዳሌንና አከርካሪን በኤክስሬይ ለሚለካው ምርመራ ነው። የተረከዝ ቁጥር በዚያ መለኪያ አይተረጎምም። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢነገራችሁ አትደንግጡ፤ ደህና ነው ብትባሉም አትዘናጉ።

መሣሪያው በሌለበት ቦታም አደጋውን መገመት ይቻላል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ፦

- ቆማችሁ ሳለ በመውደቅ ብቻ አጥንታችሁ ተሰብሮ ያውቃል?
- እናታችሁ ወይም አባታችሁ የዳሌ ስብራት ደርሶባቸዋል?
- የወር አበባችሁ ከ45 ዓመት በፊት ተቋርጧል?
- ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት ለሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ወስዳችኋል?
- ሲጋራ ታጨሳላችሁ? መጠጥ ታበዛላችሁ? በጣም ከስታችኋል?
- ቁመታችሁ አጥሯል? ጀርባችሁ ጎብጧል?

መልሳችሁ አዎን ከሆነ ለጤና ባለሙያው ንገሩ። ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ ግን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

አጥንትን ለመጠበቅ ወተት ሲገኝ ጠጡ፤ ጎመንና ቦሎቄ ተመገቡ። ፀሐይ ሙቁ፣ በእግር ተንቀሳቀሱ። ከሁሉም በላይ መውደቅን ተከላከሉ። የድንኳን ገመድ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ስትወጡ ባትሪ ያዙ። ለአረጋውያን ውኃ የሚቀዱላቸው ወጣቶች ይሁኑ።

ወድቀው ዳሌያቸውን የሚያማቸው፣ መቆምም ያቃታቸው እናት ወይም አባት ካሉ ወጌሻ አይሻቸው። ሳታንቀሳቅሷቸው የጤና ሠራተኛ ጥሩ፤ በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ይወሰዱ።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህን ይመስላል። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።