ሸጦ ማጨብጨብ

እሷ፦ አንተ፣ አሁንም የበረዶ ሆኪው ቡድን የቡፋሎ ሰበርስ ደጋፊ ነህ? እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ 14 ዓመት በተከታታይ ከፕሌይኦፍ ውጭ!

እሱ፦ ምን ላድርግ፣ ልብ አይታዘዝ! እኔን የሚያበግነኝ አሳልፈው የሰጧቸው ተጫዋቾች ናቸው። ራያን ኦሬይሊን በ2018 ለሴንት ሉዊስ ሰጡት፤ በዓመቱ ዋንጫ አንስቶ የፕሌይኦፉ ኮከብ ተባለ። ሳም ራይንሃርት ፍሎሪዳ፣ ጃክ አይክል ቬጋስ ሄደው የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ወሰዱ። እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን አጨበጨብን።

እሷ፦ በድራፍቱ፣ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫው፣ ግን ዳሊንንና ፓወርን በአንደኛ ምርጫ አግኝተዋል እኮ።

እሱ፦ ሁለቱም ተከላካይ! ደግሞ በልጅ ብቻ ቡድን አይቆምም። እኔ ብሆን አንዱን የድራፍት ምርጫ ሰጥቼ፣ ጎል ፊት ተጋፍቶ ፓኩን የሚያወጣ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የማይደናገጥ ነባር ሰው አመጣ ነበር።

እሷ፦ ደመወዙስ? ሊጉ ጣሪያ አለው።

እሱ፦ ታዲያ ገና ላልተፈተነ ልጅ የረጅም ዓመት ውል ማደሉን ይተዉዋ!