ትጋትና እንቅልፍ
(ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



ሥራውን የሚወድ፥ ጊዜውንም በከንቱ የማያሳልፍ ተማሪ በአማርኛ «ትጉህ» ይባላል። የቃሉ ሥር ግዕዝ ነው፤ «ተግሀ» ማለት ሳይተኛ ነቅቶ ቆየ ማለት ነው። ቋንቋው ራሱ ትጋትንና አለመተኛትን ከአንድ ሥር ያበቀላቸው ስለ ሆነ፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያደረ ልጅ ጧት ዐይኑ ቀልቶ ወደ ክፍል ሲገባ ወላጁም አስተማሪውም ቢያመሰግኑት የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ያ ምስጋና ልጁን የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው መሆኑን መመርመር የአስተማሪ ተግባር ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የደረሰበትን ጉዳት ራሱ አያውቀውምና፥ ሌላ ሰው ሊያይለት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነገር አንድ የተማሪ ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆናል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1963 መጨረሻ በአሜሪካ አገር፥ በሳን ዲዬጎ ከተማ ራንዲ ጋርድነር የሚባል የ17 ዓመት ተማሪ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር የሚያቀርበው ሥራ ፈለገ፤ ሰው ሳይተኛ ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ እንደሚችልም በራሱ ላይ ሊፈትን ተነሣ። ጓደኞቹ እየተፈራረቁ ይጠብቁት ነበር። ዊልያም ዴመንት የተባለው የእንቅልፍ ሊቅም ወሬውን ሰምቶ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ተመለከተው። ልጁ በጥር ወር 1964 እስኪያበቃ ድረስ 264 ሰዓት፥ ማለትም 11 ቀን ሙሉ፥ ሳይተኛ ቆየ።

በአራተኛው ቀን የመንገድ ምልክት ሰው መስሎ ታየው። በመጨረሻው ቀን ከ100 ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ታዘዘ፤ 65 ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ለምን እንዳቆመ ቢጠየቅ ምን ይሠራ እንደ ነበር መርሳቱን ተናገረ። ሆኖም ይኸው ልጅ ከዚያው ሰሞን ከሊቁ ጋር የፒንቦል ጨዋታ ተጫውቶ አሸንፎታል፤ ሲፈጽምም በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ደኅና አድርጎ ተናግሯል። ከዚያም ከ14 ሰዓት በላይ ተኝቶ ተነሣ። ብዙ ሰዎችም ይህን ይዘው እንቅልፍ ማጣት ከቶ የሚጎዳ አይደለም አሉ። ይህ አባባል ከላይ ብቻ አይቶ የመፍረድ ስሕተት ነው፤ ቆሞ የሚሄድና የሚጫወት ሰው አምስት ጊዜ ከቀነሰ በኋላ የያዘውን ሥራ ይረሳልና። ጋርድነር ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ብርቱ የእንቅልፍ እጦት እንደ ደረሰበት በይፋ ተናግሯል፤ ምክንያቱ ያ የወጣትነት ፈተና ነው ለማለት ግን ማስረጃ የለም። የጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብም ነገሩ ለጤና አደገኛ ሆኖ ስለ ተገኘ ከ1997 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ውድድር መከታተል ትቷል።

እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ተማሪ ግን ከሺህ አንድ አይገኝም። ለአስተማሪ የሚያሳስበው በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ የሚጠራቀመው ጉድለት ነው። በ2003 የታተመ፥ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጤነኞች ሰዎች በቡድን ተከፍለው ለ14 ቀን አንዳንዶቹ ስምንት፥ አንዳንዶቹ ስድስት፥ አንዳንዶቹም አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ሰዎች በንቃት ፈተና ያሳዩት ድካም፥ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ፈጽሞ ካልተኛ ሰው ድካም ጋር የሚተካከል ሆነ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሰዎቹ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችሁ እንደ ሆነ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ነው፤ ሥራቸው በየቀኑ እየወደቀ ሲሄድ፥ እነርሱ ግን የለመዱት መስሏቸው ነበር። «እኔ አምስት ሰዓት ይበቃኛል» የሚል ተማሪ፥ አስተማሪም ቢሆን፥ ዳኛውም ተከሳሹም ራሱ ሆኖ እንደሚፈርድ ሰው ነው።

በሰውነት ላይ የሚደርሰውም ከዚህ አያንስም። በ1999 በቺካጎ በተደረገ ምርመራ 11 ጤነኞች ወጣቶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፥ ሰውነታቸው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የማስተካከል ኀይሉ ወደ ስኳር በሽታ አዝማሚያ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በ2015 በታተመ ሌላ ምርመራም የጉንፋን ተሕዋስያን በአፍንጫቸው ከተጨመረባቸው 164 ሰዎች መካከል፥ ከስድስት ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ አራት እጥፍ ያህል በሚበልጥ መጠን ታመሙ። የልጆችን ሰውነት የሚያሳድገው ቅመም በብዛት የሚመነጨው በመጀመሪያው ከባድ እንቅልፍ ጊዜ መሆኑም የታወቀ ነው። የደም ግፊት፥ የልብ ሕመምና ከልክ ያለፈ ውፍረት ለብዙ ዓመታት እንቅልፍ በሚያጡ ሰዎች ላይ ይበዛሉ።

ለትምህርት ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የትውስታ ነገር ነው። ሰው በቀን የተማረው በአንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል መጀመሪያ ይያዛል፤ ሲተኛም ያው ትምህርት እንደ ገና እየተመላለሰ ወደ ጸና ማኅደር ይተላለፋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሳይተኛ ያጠና ልጅ በሁለት በኩል ይከስራል፤ ያጠናውም አይጸናለትም፥ በማግሥቱም አዲስ ትምህርት የሚቀበልበት ኀይል ይቀንስበታል። ቡና ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ ማደርም ይህን አያሻሽለውም። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጎሉ እየተከማቸ እንቅልፍን ይጠራል፤ የቡናው ካፌይን ድምፁን ይጋርዳል እንጂ ክምችቱን አያጠፋውም። ከዚህም በላይ ከተጠጣው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስትና ከስድስት ሰዓት በኋላም በሰውነት ውስጥ ይገኛል። ማታ በአንድ ሰዓት ሦስተኛውን ስኒ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ሲገላበጥ ቢገኝ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም።

አስተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። እንቅልፍ ያጣ ዐዋቂ ሰው ያዛጋል፥ ያንቀላፋል፤ እንቅልፍ ያጣ ትንሽ ልጅ ግን አዘውትሮ የሚቁነጠነጥ፥ ጓደኞቹን የሚነካካ፥ በትንሽ ነገር የሚያለቅስ ወይም የሚቆጣ ይሆናል። ይህንን ልጅ ረባሽ ነው ብሎ መቅጣት በሽተኛን ስለ ሳለ እንደ መቅጣት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ውሃ ቀድቶ፥ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ የገጠር ልጅ አለ፤ እስከ እኩለ ሌሊት የእጅ ስልክ ሲመለከት ያደረ የከተማ ልጅም አለ። ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ሲያንጎላጁ አንድ ይመስላሉ፤ ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ርኅራኄ ነው፥ ለሁለተኛው ደግሞ ከወላጆቹ ጋር መነጋገር። ለመለየትም ከአርጩሜው በፊት «ትናንት በስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለውም ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ፥ ወጣቱ አምሽቶ እንቅልፍ የሚወስደው በስንፍና ብቻ አይደለም። የሲያትል ከተማ በ2016 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጀመሪያ ሰዓትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ከ50 ወደ 2 ሰዓት ከ45 ሲያዛውር፥ ልጆቹ ይብሱን ያመሻሉ ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ፤ ሲለካ ግን ተማሪዎቹ በየሌሊቱ 34 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ እንቅልፍ አገኙ።

በፈረቃ የሚያስተምር፥ ክፍልና ወንበር ያነሰው ትምህርት ቤት ይህንን አድርግ ቢባል እንደማይቻለው የታወቀ ነው። የሚቻለው ሌላ ነው። የፈተናን ቀን ከብዙ ሳምንት አስቀድሞ ማስታወቅ፥ ሁለት ከባድ ፈተናዎችን በአንድ ጧት አለመደርደር፥ ትምህርቱንም በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ እየጠየቁ መከለስ ገንዘብ አያስወጣም፤ የመጨረሻዋን ሌሊት ጭንቀት ግን በብዙ ይቀንሳል። አዳሪ ተማሪ ባለበት ቤት የመኝታ ደወል እንደ ምግብ ደወል በሰዓቱ እንዲደወል፥ በፈተና ሰሞንም እንዳይታለፍ ማድረግ የኃላፊው ሥልጣን ነው። የፈተና ወረቀት ሲያርም የሚያነጋ አስተማሪም ሠላሳኛውን ወረቀት እንደ መጀመሪያው አድርጎ ለማየት አይችልምና፥ የቀሩትን ለማግሥቱ ቢያቆያቸው ለተማሪዎቹ ነጥብ ይሻላል።